የማይሸጠው ሣጥን

የሬሳ ሣጥን መሸጫ ውስጥ ሬሳ ተገኘ ሲባል የጣቢያው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ሃምሳ አለቃዋ መኪናውን እያስነሳች፣ «አለቃ፣ ነገ ደግሞ ልኳንዳ ቤት ሥጋ ተገኘ ብለው ይጠሩናል» አለች። አድራሻውን ስትነግረኝ ግን ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ቤቱን አውቀዋለሁ። ታናሽ ወንድሜን የቀበርኩበት ሣጥን የተገዛው ከዚያ ነው።

ወርክሾፑ ከመንገዱ ገባ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ክፍል ነው። ሰጋቱራና ቫርኒሽ ይሸታል። ያለቁ ሣጥኖች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ክዳኖቻቸው ለብቻ ተደርድረዋል። በሩ ላይ አባቱ የሞተበት ደንበኛ ራሱን ይዞ ይንቆራጠጣል።

«እኔ ሣጥን ልገዛ ነው የመጣሁት» ይላል ላገኘው ሁሉ። «ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነውን አየሁና ያንን ስጡኝ አልኳቸው። አይሸጥም አሉኝ። ሐዘን ላይ ነኝ፣ ማን ይሰማል! ሸራውን ገለጥኩት። በደም የተነከረ ሣጥን!»

ሣጥኑ መሬት ላይ ተቀምጧል። ክዳኑ ዙሪያውን በሚስማር ተመትቷል፤ ግማሹ ሚስማር ተጣምሞ ጎኑ ላይ ተኝቷል። በራስጌው በኩል ደም ወርዶ ደርቋል። ክዳኑን ነቅለን አነሳነው።

ውስጡ አንድ ጎልማሳ ተጋድሟል። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል። ከኋላ ጭንቅላቱን ተመትቷል። ሣጥኑ በልኩ እንደተሰፋ ልብስ ልክክ ብሎታል። ከሥሩ ያለው ነጭ ሳቲን ከራስጌው በቀር አልቆሸሸም። ሳቲኑን ሳየው የማውቀው መሰለኝ። ሳቲን ሁሉ አንድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ፊቱን አውቀዋለሁ። እሁድ ዕለት ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ጠጥቶ ሲነዳ አንድ ሕፃን ገጭቶ የገደለው፣ እስሩን ጨርሶ የወጣው ሹፌር ነው። ሕፃኑ ደግሞ የዚህ ወርክሾፕ ባለቤት ልጅ ነበር።

የወርክሾፑ ባለቤት፣ አናጢው፣ ከጀርባዬ መጥተው ወደ ሣጥኑ ውስጥ ተመለከቱ። ከዚያ የሥራ ጠረጴዛቸውን ጠርዝ ያዙና ቀስ ብለው ሰጋቱራው ላይ ተቀመጡ።

*

«ሣጥኑን ማን አዘዘ፣ ጋሼ?» አልኳቸው ጣቢያ ስንደርስ።

«ማንም አላዘዘም። ለእሱ የሠራሁት ነው።»

ሃምሳ አለቃዋ የያዘችውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ለእሱ ማለት?»

«የተፈረደበት ቀን ከፊቴ ቆሞ ነበር። ዓይኔ ሰው ሲያይ ይለካል፤ ሥራዬ ነው፣ ምን ላድርግ። ቁመቱን፣ የትከሻውን ስፋት ለካሁ። ቤቴ ስገባ ልብሴን ሳልቀይር ጣውላ ቆረጥኩ።»

«ስለዚህ ሊገድሉት ፈልገው ነበር።»

«እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ» አሉ። «ንዴቱ ሲመጣብኝ እገባና ሸራውን ገልጬ መላጊያዬን አነሳለሁ። ያንን ጣውላ እልጋለሁ። "ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ልገድለው እፈልጋለሁ፤ አንተው ያዝልኝ" እላለሁ። እጄ እስኪዝል። ከዚያ ሸፍኜው ወጥቼ እራቴን እበላለሁ። ጣውላው ምን ያህል እንደሳሳ አላያችሁም? አልቆ አልቆ ሣጥን መሆኑ እስኪቀር እልገዋለሁ ብዬ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ሬሳውን ከነሣጥኑ ልናነሳ ስንል የሣጥኑ ታች ሲንቋቋ ደንግጠን መልሰን አስቀምጠነው ነበር። ጣውላው ከመሳሳቱ የተነሣ ከጎን ሲበራበት ብርሃኑ ቀላ ብሎ ያልፍበታል።

«ባለቤትዎ ያውቁ ነበር?»

«እሷ ይቅር ብላለች። በእሷ ፊት አፍር ነበር። ለዚህ ነው የምሸፍነው።»

«ክዳኑን ማን መታው?»

«እኔ ክዳን በሚስማር መትቼ አላውቅም። በሚጠመዘዝ ቪቴ ነው የማስረው፣ እሱንም ቤተሰቡ ለመጨረሻ ጊዜ ካየ በኋላ።» እጃቸውን አዩ። «ደግሞ እንደዚያ አጣምሜ ሚስማር ብመታ እጄ ይቆረጥ።»

ሐኪሙ ሟቹ ትናንት ከሰዓት በኋላ እንደተገደለ ነግሮናል። አናጢው ደግሞ ትናንት ጠዋት ለአንድ ለቅሶ ሣጥን ጭነው ወደ ሌላ ከተማ ሄደው፣ መኪናው ተበላሽቶባቸው እዚያው ሐዘንተኞቹ ቤት አድረው ዛሬ ማለዳ ተመልሰዋል። ሃምሳ አለቃዋ ስልክ ደወለች። ለቅሶ ቤት ያደረ ሰው ምስክር አይቸግረውም፤ ስልኩን እየተቀባበሉ ሁሉም መሰከሩላቸው።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ሌላ የምትጠይቀኝ አለ?» አሉኝ። የሆነ ነገር እንዳልጠይቃቸው የፈሩ መሰለኝ። የለም አልኳቸው።

*

ሚስትየዋን ሰው «የይቅርታ እናት» ነው የሚላቸው። ስሙን ያወጣላቸው ፓስተራችን ነው። ልጃቸው በሞተ ሰሞን መድረክ ላይ ወጥተው ገዳዩን ይቅር ማለታቸውን መስክረዋል። ከዚያ ወዲህ የተበደለ ሁሉ ወደ እሳቸው ይላካል። እኔም ተልኬያለሁ።

ወንድሜን ቡና ቤት ውስጥ በረባ ባልረባ ተጣልቶ በቢላ ወግቶ የገደለው ሰው እስሩን ጨርሶ ወጥቷል። ከጣቢያችን ማዶ ጎሚስታ ቤት ተቀጥሮ ጎማ ይለጥፋል። በየቀኑ አየዋለሁ። ሲስቅ አየዋለሁ፣ ሳንድዊች ሲበላ አየዋለሁ። ወገቤ ላይ ሽጉጥ አለ። ክርስቲያን ነኝ፤ በቀል የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ሳየው ወደ ሽጉጤ የሚሄደውን እጄን አላስቆመልኝም። ያስቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። «እሳቸው ከቻሉ እኔ ምን ቤት ነኝ?» እያልኩ ነው ያንን መንገድ የማልፈው።

እሁድ ዕለት ፓስተሩ ሹፌሩን መድረክ ላይ አወጣና፣ «ይቅርታን ዛሬ በዓይናችሁ እዩ» ብሎ እሳቸውን ጠራቸው። ወጥተው አቀፉት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቤታቸው ከወርክሾፑ ጋር አንድ ግቢ ነው። ስንገባ የስፌት መኪናቸው ላይ ነበሩ፤ ተነሥተው ውሃ አቀረቡልን። ጉልበታቸው ላይ የሳቲን ክር ተጣብቋል።

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩ። ስለ የትኛው ሞት እንዳልኩ እኔም አላውቅም።

«አንተን ያጽናህ። ፊትህ ጠቁሯል። ትተኛለህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ያ ሰውዬስ? አሁንም ታየዋለህ?»

«አየዋለሁ። በእርስዎ ጸሎት አልፈዋለሁ።»

ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ባለቤቴን አታንገላቱት» አሉ። «እሱ ዝንብ አይገድልም።»

ሃምሳ አለቃዋ አፏን ከፈት ስታደርግ አየኋት፤ በዓይኔ ገሠጽኳት። የእኚህን ሴት ሐዘን የምንቆፍርበት ምን ምክንያት አለ? ውሃዬን ጠጥቼ አመስግኜ ወጣሁ።

*

የቀረን የሹፌሩ የድሮ ረዳት ነበር። ሕፃኑ በተገጨ ጊዜ ሹፌሩ ጎን ተቀምጦ የነበረው፣ በኋላም መጠጣቱን ለፖሊስ የተናገረበት ልጅ እግር ዛሬ የራሱ መኪና አለው። ሹፌሩ ሲታሰር «ስወጣ እንተያያለን» ብሎ ዝቶበት እንደነበር ፋይሉ ላይ ሰፍሯል። ጎረቤት ደግሞ ትናንት ወርክሾፑ በር ላይ አይቶታል። ሃምሳ አለቃዋ፣ «በቃ፣ እጁን ይዘን እንግባ» አለች።

መናኸሪያው ውስጥ መኪናው ሥር ተኝቶ አገኘነው። እግሩን ጎተትኩት።

«አዎ፣ አብሬው ሄጃለሁ» አለ ዘይት የነካ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ምን ላድርግ? ለመነኝ። በግል ይቅርታ ልጠይቅ ነው፣ ብቻዬን ፈራሁ አለኝ። ያ ዛቻ የድሮ ነው፤ እስር ቤት ሌላ ሰው አድርጎታል። እስከ አጥሩ በር ድረስ ሸኘሁት።»

«ማን ከፈተለት?»

«እኔ ራቅ ብዬ ነበር። በሩ ገርበብ አለ፤ ኮፍያውን አወለቀና ጎንበስ ብሎ ገባ። እኔ ጭነት ነበረኝ፣ ሄድኩ።»

ጭነት የሚጫንበትን መጋዘን ሰዎች ጠየቅን። ትናንት ከሰዓት በኋላ መኪናውን ሲያስጭን ሁሉም አይቶታል። ሲሰናበተን፣ «ባልሸኘው ኖሮ ይመለስ ነበር» አለና እንደገና መኪናው ሥር ገባ።

*

መኪና ውስጥ ሃምሳ አለቃዋ ቁልፉን ሳታዞር ተቀመጠች። ይቺ ልጅ ዝም ስትል ደስ አይለኝም።

«ተናገሪ።»

«ቤት ውስጥ ሆኖ ለሹፌሩ በር የከፈተለት ሰው አለ። አናጢው አልነበሩም።»

«እና?»

«አለቃ፣ ያገኘነውን ሰው ሁሉ ትናንት የት ነበርክ ብለናል። ደንበኛውን ሳይቀር። እሳቸውንስ ማን ጠየቃቸው?»

«የይቅርታ እናትን?»

«ስም አውጥተን ስናበቃ መጠየቅ አፈርን እንጂ ሰው አይደሉም እንዴ?»

ተቆጣሁ። ጮህኩባት ማለት ይቀላል። ካልጠፋ ሰው አልኳት፣ እግዚአብሔርን ፍሪ አልኳት። እሷ መንገዱን እያየች ቁልፉን አዞረች። የጮህኩት እሷ ስለተሳሳተች እንዳልሆነ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። እሳቸው ከወደቁ የምደገፈው ግድግዳ አይኖረኝም።

ጣቢያ ስንደርስ አናጢው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እየጠበቁን ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ከተማ አልነበሩም።»

«በመሐል ተመልሼ ነው።»

«ለቅሶ ቤቱ ሁሉ አይቶዎታል።»

«ዋሽተው ነው። በመዶሻ መታሁት። አስገባሁት። ክዳኑን መታሁ።»

«አጣምመው?»

«ቸኩዬ።»

ደብዳቢ መርማሪ አይደለሁም፤ ጉንጫቸው ሲርገበገብ ግን በጥፊ የመታኋቸው ያህል አፈርኩ። ያን ጊዜ ነው ጠዋት ያየሁት ሳቲን ተመልሶ የመጣብኝ።

«ገበሩንስ?» አልኩ።

አናጢው ቀና ብለው አላዩኝም።

«ሳቲኑን፣ ጋሼ። የማይሸጥ ሣጥን፣ በየጊዜው ከውስጥም ከውጭም የሚልጉት ሣጥን ገበር አይለብስም። መላጊያው ይቀደዋል። ያንን ገበር ማን አለበሰው?»

ሁለቱን እጆቻቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ጠዋት ሣጥኑ ሲከፈት ያዩት ሬሳውን ሳይሆን ገበሩን ነበር።

እኔም የማውቀው ገበር ነው። ወንድሜን ሲያሳዩኝ ፊቱን ማየት አቅቶኝ ራስጌው ላይ ያለውን ሳቲን ነበር ያየሁት። ትንንሽ ሽንሽኖች፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ፣ መሐሉ ላይ እንደ ትራስ ከፍ ያለ። ያ ሽንሽን በሕልሜ ይመጣል። ይህን ያህል ዘመን ሲመጣ የሰፋችው እጅ የማን እንደሆነች አስቤ አላውቅም ነበር።

*

እትዬ በሩን ገርበብ አድርገው ይጠብቁን ነበር። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው የመንገድ ጫማ አድርገዋል።

«እሱ አይደለም» አሉ ሳልቀመጥ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«በምን አወቅህ?»

«በገበሩ።»

እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «ሞኝ እጅ» አሉ። «ሸራው ሥር ያለውን ካወቅሁ ቆይቷል፤ ሰጋቱራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት ገለጥኩት። ባዶ ጣውላ። ከዚህ ቤት ገበር ያልለበሰ ሣጥን ወጥቶ አያውቅም። ልገድለው ወስኛለሁ፤ ግን ባዶ ጣውላ ላይ ላስተኛው እጄ እንቢ አለኝ። ተቀምጬ ሰፋሁለት። ልብ አድርግ፣ ሰፍቼ እስክጨርስ ሐሳቤን እቀይራለሁ ብዬም ነበር።»

«እሁድ አቅፈውት ነበር እኮ።»

«እሱ ነው የገደለኝ» አሉ። «ልጄን ለመጨረሻ ጊዜ ሳቅፈው ቀዝቅዞ ነበር። ይሄ ሰውዬ ሲያቅፈኝ ይሞቃል። ደረቱ ይሞቃል። በሕይወት ያለ ሰው እንደሚሞቅ ረስቼው ነበር። እናንተ ታጨበጭባላችሁ፣ እኔ ሙቀቱ ልብሴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ቤቴ መጥቼ ቀሚሴን አጠብኩ። አልወጣም።»

ሃምሳ አለቃዋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ለምን አልነገሩንም? ለፓስተሩ፣ ለእኔ…»

«ለማን? ልጄ በሞተ ሰሞን ፓስተሩ መድረክ ላይ አቁሞ ይቅር ብለሻል ወይ አለኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየ ምን ልበል? አዎ አልኩ። እልል አላችሁ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ሰው አለ? የተበደለ ሁሉ ይመጣል። አንተ መጣህ። ቁጭ ብለህ አለቀስክ፣ እኔ አባበልኩህ። ስትሄድ ትራስ ነክሼ ጮህኩ። ባለቤቴ መላጊያ ነበረው። ከጌታው ጋር እየተነታረከ ጣውላ ይልጋል። ድምፁን እሰማለሁ፤ እቀናበት ነበር። እኔ ምን ነበረኝ?»

ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

«በግል ይቅርታ ልጠይቃችሁ ሲል ባለቤቴ የሌለበትን ቀን ነገርኩት። ሸራውን ገልጬ ይሄ ያንተ ነው አልኩት። አልሸሸም። ሣጥኑ ዳር ተንበረከከና ጸልዩልኝ አለኝ። አንዱን እጄን ራሱ ላይ ጫንኩ። መዶሻው በሌላው እጄ ነበር።» መዳፋቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። «ወደ ውስጥ ነው የተደፋው። ገልብጬ እጁን አጣመርኩለት። ፊቱን ላለማየት ክዳኑን መታሁ። አሁን ሙቀቱ ሄደ ብለህ ነው? ይኸውልህ፣ እዚህ ነው ያለው።» ደረታቸውን ነኩ።

ካቴናውን አላወጣሁም። ክንዳቸውን ይዤ ወደ መኪናው አመጣኋቸው። ሊገቡ ሲሉ ዞር አሉ።

«ያ የጎሚስታው ሰውዬ… በእኔ ነበር የቆምከው አይደል?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ይቅር ሳትል ይቅር ብያለሁ እንዳትል» አሉ። «ያምኑሃል። ካመኑህ በኋላ ማንም አይደርስልህም።»

*

እትዬ ቃላቸውን ሰጥተው ከፈረሙ በኋላ አናጢው ቢሮዬ ገቡ። ሚስታቸውን አይተው መምጣታቸው ነው። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሣጥኑን ትመልሱልኛላችሁ?» አሉ።

«ኤግዚቢት ነው፣ ጋሼ። ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይቆያል። ደግሞስ ምን ያደርግልዎታል?»

«አልጨረስኩትም እኮ።»

ከወጡ በኋላ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ማዶ ሰውዬው ጎማ እያንከባለለ ነው። እጄ ወገቤ ላይ ነበር፤ መቼ እንደሄደ አላወቅሁም። «እሳቸው ከቻሉ» ልል ፈለግሁ፣ አረፍተ ነገሩ አልቀጥል አለኝ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ያህል ልገድለው ፈልጌ አላውቅም። የሚይዘኝ ምንም አልነበረም፤ እዚያው መስኮቱ ጋ እንደቆምኩ በልቤ፣ ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ልገድለው እፈልጋለሁ፣ አልኩ። ለእግዚአብሔር እንደዚያ ብዬው አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ የምነግረው ጥሩ ጥሩውን ነው።

ሽጉጤን ፈታሁና ሃምሳ አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ያዢልኝ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። መሳቢያዋ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት።

መንገዱን ተሻገርኩ። ሰውዬው ሲያየኝ የያዘውን ብረት ለቀቀው። ወገቤን አየ፣ ባዶ ነው። ፊቴን አየ።

«ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። በየቀኑ ስታልፍ አይሃለሁ።»

«ይቅር አላልኩህም።»

«እሺ።»

«ልገድልህ እፈልጋለሁ። ዛሬም።»

አልሸሸም። ከኋላው የአየር መሙያው ሞተር ይንቀጠቀጣል።

«ዛሬ አልገድልህም» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ብረቱን አነሳ። «ነገስ?» አለኝ በቀጭን ድምፅ።

«ነገ ደግሞ መጥቼ እነግርሃለሁ።»

በማግስቱ ሽጉጤን ለሃምሳ አለቃዋ ሰጥቼ ሄድኩ። ገና መንገዱን ሳልሻገር አይቶኝ ብረቱን አስቀምጦ፣ እጁን ጠርጎ ቆሞ ጠበቀኝ።